ጣና ከሰዓት በኋላ አይታመንም

ጠጋ በሉ። ይህን ጮክ ብዬ ካወራሁት ባሕር ዳር ያሉት የድሮ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል።

ጣና ላይ አምስት ዓመት ጀልባ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ገመድ አሳሪ ነበርኩ፣ ቀጥሎ ቤንዚን ቀጂ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ካፒቴኑን እንቅልፍ ሲጥለው መሪ የምይዝ ረዳት። የተወለድኩት ግን ከሐይቁ ርቆ፣ ወምበርማ ውስጥ፣ ሽንዲ ነው። ስለዚህ ከአገሬ ሰው "ባሕር ልናይ ነው" ብሎ የተነሳ ሁሉ አስቀድሞ የሚደውለው ለእኔ ነበር። አንዳንዱ ዝምድናችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው የሚደውለው።

ባሕር ሲሉ ጣናን ማለታቸው ነው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ "ሐይቅ ነው እንጂ" እያለ ያርመናል፤ እኛ ጋ ግን ባሕር ሌላ የለም። ጨዋማውን ውኃ በእኛ ሰፈር ያዩት ምጽዋና አሰብ ወታደር የነበሩ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። እነሱም ሲያወሩ ስለ ሙቀቱ እንጂ ስለ ውበቱ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ከ1983 በኋላ ለተወለደ የሽንዲ ልጅ ዳርቻው ላይ ቆሞ ማዶውን የማያየው ውኃ አንድ ብቻ ነው፤ ባሕር ዳርም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ዳርቻ ነው።

እንግዲህ ምስጢሩን ከመንገዱ ልጀምር። ከቡሬ ባሕር ዳር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጢሊሊ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ። ሰው ሁሉ መኪና ውስጥ ተኝቶ ይሄዳል። አትተኙ። እንጅባራ ከመግባታችሁ በፊት ዘንገና አለ፤ ከመንገዱ ብዙም የማይርቅ፣ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ክብ ሐይቅ። ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር ያልፋል ይባላል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ቱሪስቶችን "ጣና ምን ያህል ጥልቅ ይመስላችኋል?" እያልን እንጠይቅ ነበር፤ መቶ ሜትር የማይል አልነበረም። ትልቅ ሰፊ ትሪ ነው ብላችሁ አስቡት። ነፋስ ቶሎ የሚያናውጠውም ለዚህ ነው፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ዳንግላን አልፋችሁ ወተት ዓባይ ስትደርሱ የምትሻገሩት ወንዝ ግልገል ዓባይ ነው። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ የፈለቀው፣ ስንቶቻችን በእግራችን ሄደን ጸበሉን የጠጣነው፣ እሱ ራሱ ነው ወደ ጣና የሚወርደው። አክስቴን በጥቅምት 2011 ይዣት ስመጣ ይህን ድልድዩ ላይ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆይታ "እንግዲያ ባሕሩ የግሽ ዓባይ ጸበል የተጠራቀመበት ነዋ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሐይቁ ላስተምራት የሞከርኩት ሁሉ ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

አሁን ወደ መናኸሪያው። የመጀመሪያ ጉብኝታችሁ ዋጋ የሚወሰነው ውኃውን ከማየታችሁ በፊት፣ እዚያ ነው። ቦርሳችሁን ቀድሞ የሚይዝላችሁ ልጅ ደግ ነው፤ እውነት ደግ ነው። ግን ከሆቴሉ አንድ፣ ከጀልባው አንድ፣ ከምሳው አንድ ኮሚሽን ይጠብቃል። ማንም አይሰርቃችሁም፤ ዋጋው ላይ ግን ትንሽ ትንሽ ይታከልበታል። እኔም በልቼዋለሁ፤ አልክድም። ኮሚሽን ለልጁ የሚከፍል ጀልባ ያንን ብር ከኪሱ አያወጣም፤ ከእናንተ ነው የሚያወጣው። ቦርሳውን ላስያዛችሁት ልጅ የድካሙን ስጡት፣ አመስግኑት፣ ከዚያ ጀልባው ጋ በእግራችሁ ሂዱ።

እዚያ ደርሳችሁ "ለሰው ስንት ነው?" ካላችሁ አለቀላችሁ። ጀልባ በሰው አይከራይም። ቤንዚኑ አንድ ሰው ጫነ አሥር ሰው ያው ነው፤ ካፒቴኑም የሚያስበው በጉዞ ነው። "ጀልባዋ ደርሶ መልስ ስንት?" ብላችሁ ጠይቁ። ዳርቻው ላይ ትንሽ ቆማችሁ ሌላ ቤተሰብ ጠብቁና አብራችሁ ተሳፈሩ። እኛ ረዳቶቹ ቡድን ተጋጥሞ ሲመጣ ፊታችን የሚጠቁረው ለምን እንደ ነበር አሁን ገባችሁ።

ትልቁ ምስጢር ግን ሰዓቱ ነው።

ጣና ጠዋት መስታወት ነው። ከ12 ሰዓት ጀምሮ እስከ አራት አምስት ሰዓት ድረስ ውኃው ላይ የወፍ ጥላ ይታያል። ፔሊካኖቹ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ዕድል ከቀናችሁ ጉማሬ አፍንጫውን ብቅ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ያ ሰፊ ትሪ መናወጥ ይጀምራል። ማዕበሉ የጀልባውን ጎን ሲመታ አንዲት የደብረ ማርቆስ እናት "ኪዳነ ምሕረት!" ብላ ክንዴን የያዘችበት ምልክት ሁለት ቀን ቆይቶብኛል።

ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይነገረው ቀጣዩ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቶ አራት ገዳም የሚሸጥላችሁ ካፒቴን ነፋሱን ከሂሳቡ ውስጥ አስቀድሞ አስገብቶታል። ሁለቱን ያሳያችኋል፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሰማዩን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ "ለእናንተው ብዬ ነው" ይላል። እናንተም ማዕበሉን አይታችሁ ታመሰግኑታላችሁ። የቀረው ቤንዚን ታንከሩ ውስጥ ነው፤ ብሩም ኪስ ውስጥ። ነፋሱ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ከሰዓት በኋላ አራት ገዳም ይደረሳል ማለቱ ነው። ስለዚህ የከሰዓት ጀልባ ረክሶ ስታገኙት አትደሰቱ።

ደሴቶቹ 37 ናቸው ይባላል፤ ሃያ በሚሆኑት ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለ። በአንድ ቀን ሁሉን አያለሁ ያለ ምንም አያይም። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል አጽም ያለበት፣ በተራ ጀልባ የሰዓታት መንገድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ይያዝ፤ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። አክስቴን ይዤ ስመጣ ዕረፍት ላይ ስለ ነበርኩ የሌላ ሰው ጀልባ ላይ አሳፈርኳት፤ ካፒቴኑ "ክብራን ገብርኤልን፣ ከዚያ ዘጌን" አለ፤ እሺ አልኩ። ክብራን ሴት አይገባም። ዳጋም እንደዚሁ ነው። ዓመታት እዚያ የሠራሁ ሰው፣ ለስንት ፈረንጅ ሴት ሳስረዳ የኖርኩ፣ ለገዛ አክስቴ ሳልነግራት ቀረሁ። ጀልባው ሲቆም ነጠላዋን አጣፍታ ልትወርድ ስትል መነኩሴው እጃቸውን በትሕትና ከፍ አደረጉ። አልተቆጣችም። "የቦታው ሥርዓት ነው" ብላ ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን አፈርኩ። ካፒቴኑ ቢነግረን ኖሮ በዚያው ገንዘብ ጎረቤት ያለው እንጦንስ ኢየሱስ፣ ሴት መነኮሳት ያሉበት፣ ይበቃት ነበር። ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ሴት መሆኗን አስቡና ከእናታችሁ ጋር የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካፒቴን ካልተጠየቀ አይናገርም።

ከዛፉ ሥር የተቀመጠችው አክስቴ ግን እኛ በውስጥ ከምናየው ያላነሰ አየች። አንድ የታንኳ ሰው እንጨት ጭኖ ሲያልፍ ጠርታ ስለ ታንኳው ጠየቀችው። ታንኳው ደንገል ነው፤ በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ሣር ታስሮ ታስሮ የሚሠራ። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ይበሰብሳል። ሥራውን ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት ወይጦዎች ናቸው። ስመለስ ይህን ሁሉ ለእኔ ነገረችኝ። ከጀልባ ወርጄ ታንኳ ላይ ወጥቼ የማላውቅ ሰው መሆኔን አልነገርኳትም።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ብዙ አስጎብኚዎች ይረሱታል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር ብሎ ለማሳየት "ራ" ያላትን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። ጀልባዋ ግብፅ ፒራሚዶቹ አጠገብ ተሠርታ በግንቦት 1961 ከሞሮኮ ተነሳች፤ አብዛኛውን መንገድ ሄዳ ተፈታታች፤ በዓመቱ ሁለተኛዋ "ራ" ማዶ ደረሰች። ታንኳ ሲንቁ ስሰማ ይህን እላለሁ።

ዘጌ ስትወርዱ ከዳርቻው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ያለው የቡና ጫካ ነው። ባላገሩ በሬ አይጠምድም፣ አያርስም፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ብሎ በቡናና በጌሾ ይኖራል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ማመን ያቅተዋል። በቆሎና በርበሬ የሚያርስ የወምበርማ ገበሬ ያን ሁሉ ጫካ ሲያይ ወዲያው "ይኽ መሬት ቢመነጠር" ይላል። እኔም ብዬ ነበር፤ አንድ አባት ሰምተው ሳቁብኝ። ያ ጫካ እንዲህ የቀረው ሰው ስላልመነጠረው ነው።

መንገዱ ላይ ዕቃ ሻጮች ይከተሏችኋል። ስትወጡ ሳይሆን ስትመለሱ ግዙ፤ ዋጋው ያኔ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ደግሞ አስጎብኚው በዱላ እየጠቆመ በፍጥነት ያሳልፋችኋል፤ ቀጣይ ቡድን ይጠብቀዋል። አትከተሉት። መቅደሱ ዙሪያ ያለውን ሥዕል በራሳችሁ ጊዜ ዙሩት፤ አንዲት ቁልፍ ብቻ ልስጣችሁ። ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያችኋል፤ ክፉው በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ካወቃችሁ ማን ቅዱስ፣ ማን ከሐዲ እንደ ሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ትለያላችሁ። አክስቴ ይህን ነግሬያት ስትዞር ቆይታ፣ ስንወጣ ያን ክብራንን የሸጠልንን ካፒቴን ከሩቅ አይታ "በጎኑ ነው የቆመው" አለችኝ።

መዋኘት? አትዋኙ። ባሕር ዳር አሸዋ ያለው ዳርቻ የለም፤ ጭቃና ደንገል ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ብልሃርዝያ አለ። ልጆቹ ሲዘሉ ስታዩ ልባችሁ ይነሳል። እግራችሁን ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ ሻይ ጠጡ። እምቦጩን የሚፈራም አለ፤ ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2004 ገደማ ጀምሮ ሲወራለት የኖረ አረም ነው፤ የከፋው ግን በሰሜንና በምሥራቅ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው እንጂ ባሕር ዳር ፊት ለፊት ያን ያህል አይደለም።

ዓሣ ብሉ፤ በጾም ቀን አትምጡ። እኛ የመጣነው ዓርብ ነበርና አክስቴ በሶ በጥብጣ ቆየች። ቅዳሜ የተጠበሰ ቆሮሶ ስትቀርብላት ግን ዓይኗን ካጥንቱ ላይ ሳታነሳ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ እንደ ጥጥ እየፈለቀቀች በላችው። "ሥጋው ጥሩ ነው፤ ድካሙ ግን የበግ ነው" አለች። ዓሣ በምሳ ሰዓት ሳይሆን ጠዋት ጀልባ ሲገባ ተገዝቶ የሚጠበሰው ይሻላል፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብር ስለምታወጡበት አይደለም፣ ስለምታዝኑበት ነው። ሆቴል ግድግዳ ላይ የምታዩት ፎቶ፣ ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደው ሙሉ ነጭ መጋረጃ፣ አሁን የሚገኘው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። በ1993 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ሁለተኛው ማመንጫ 73 ሜጋ ዋት እንዲያወጣ የተሠራው የፏፏቴውን ውኃ ወስዶ ነው። በ2002 የተመረቀው የጣና በለስ ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱን የሚያወጣው ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ውኃውን ወደ በለስ በዋሻ እየመራ ነው። መብራታችን ነው፤ አላማርርም። በመጋቢት የሚሄድን ሰው ግን "ዓባይ ፏፏቴ ዛሬ ሙሉ ነው" የሚለውን ደላላ ምን ልበለው! ጥቅምትን ያዙ። ሜዳው ቢጫ ነው፣ ፏፏቴው ገና አልቀነሰም፣ ውኃው ዳር ብርዱም አይከፋም።

ቅዳሜ ማታ፣ ከመመለሳችን በፊት፣ አክስቴ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ ከዳርቻው ውኃ ቀዳች። ለሽንዲ ልትወስደው። ሳቅኩ። "ይኽ ውኃ እኮ ከዚህ ወጥቶ፣ ጎጃምን በሙሉ ዞሮ፣ ወምበርማ ሥር ተመልሶ ያልፋል። እኛ ዘንድ ነው የሚመጣው" አልኳት። በእርግጥ ነው፤ የወምበርማ ደቡብ ድንበር ዓባይ ነው፤ ማዶው ወለጋ።

ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች "ልጄ፣ እዚያ የሚያልፈውንማ ማን ይደርስበታል? ገደሉን ማን ይወርደዋል? እኔ እኮ ዓባይን በድምፁ ነው የማውቀው" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሰባ ዓመት ከበላዩ የኖረችበትን ወንዝ ጫፉን የነካችው ባሕር ዳር ነው።

እኔ ጀልባውን የለቀቅኩት በ2012 ነው፤ በወረርሽኙ ጊዜ ሁሉም ጀልባ ታሰረ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ሆነ። አሁን ሽንዲ በርበሬ እነግዳለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ፤ እኔ ያየሁት በስልክ ነው። "ጣናነሽ ሁለት" የተባለችው ትልቅ ጀልባም በ2017 ከጅቡቲ በመኪና ተጭና፣ በየከተማው ሕዝብ እየወጣ እያያት፣ ባሕር ዳር ገባች። ባሕር የሌላት አገር መርከብ በየብስ ስታስጉዝ አይቼ ሳቅም እንባም ያዘኝ። ትንንሾቹ ጀልባዎች ግን ብዙ ቀን ታስረው ይውላሉ፤ የድሮ ካፒቴኔ ባጃጅ ይዟል፤ ቅዳሜ እሑድ ብቻ ሰው ካገኘ ሞተሩን ያስነሳል።

ስለዚህ በዚህ ዘመን የምትሄዱ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ ስለ መንገዱ በደንብ ጠይቃችሁ፣ ስለ ዋጋ ያንሾካሾክኩላችሁን ግማሹን እርሱት። የመናኸሪያው ልጅ ኮሚሽኑን ይብላ፤ ካፒቴኑም የጠራውን ክፈሉት፤ ብዙ አትከራከሩት። ሰዓቱን ግን አትልቀቁ፦ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ዳርቻው ላይ።